ከ«ስንት ሜጋ?» በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ለቤቱ ኢንተርኔት ሊያስገባ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ ነው? በወርስ ስንት ብር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ መሆን ነበረበት። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ቤቱ ድረስ የሚመጣው መስመር ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሜጋ የተጻፈላቸው ሁለት ጥቅሎች በተለያየ መስመር ሲመጡ አገልግሎታቸው ጨርሶ አይገናኝም።

አንጋፋው መስመር የመዳብ ገመድ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የተጓዘው በዚሁ በመደበኛው ስልክ ሽቦ ነበር። በኋላ የመጣው ኤዲኤስኤል የሚባለው ዘዴ ድምፅን በዝቅተኛው፣ ዳታን በከፍተኛው ሞገድ እየለየ በአንድ ሽቦ ላይ ያስኬዳል፤ ስልክ እየተነጋገሩ ኢንተርኔት መጠቀም የተቻለው ለዚህ ነው። የመዳብ ችግሩ ርቀት ነው። ኤዲኤስኤል2+ የተባለው የተሻሻለው ዓይነት ከስልክ ማዕከሉ አጠገብ እስከ 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ማውረድ ይችላል፤ ኪሎ ሜትሩ በጨመረ ቁጥር ግን ሞገዱ ይደክማል፣ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ውኃ የገባበት መጋጠሚያ ካለ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር መስመሩ ይረበሻል። የመላኪያ ፍጥነቱም ከማውረጃው እጅግ ያነሰ ነው፤ ፊልም በደህና እያየ ትልቅ ፋይል መላክ ሲያቅተው የሚማረር ሰው ብዙውን ጊዜ የመዳብ ደንበኛ ነው።

ፋይበር ሌላ ነገር ነው። በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው ብርሃን ስለሆነ ርቀት እንደ መዳቡ አያደክመውም፤ ለመኖሪያ ቤቶች በሰፊው የሚዘረጋው ጂፖን የተባለው ቴክኖሎጂ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከማዕከሉ የወጣው አንድ ክር በመንገድ ላይ በትንንሽ መከፋፈያዎች እየተለያየ ብዙ ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይደርሳል። እነዚህ ቤቶች የሚጋሩት ወደ ታች 2.5 ጊጋ ቢት፣ ወደ ላይ 1.25 ጊጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ ማታ ቢነሳም መጨናነቁ ያን ያህል አይከብድም። ቤት ውስጥ የሚተከለው ሞደም ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፦ ወይ ክሩ ተቆርጧል፣ ወይ ከመጠን በላይ ታጥፏል። ክሩን በሶፋ እግር መጫን ወይም በበር ጠርዝ ማጠፍ የማይገባው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሽቦ አልባው ነው፤ ሲም ካርድ የሚገባበት የቤት ራውተር ከሞባይል ማማ ይቀበላል። ኢትዮ ቴሌኮም የ5ጂ አገልግሎትን በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አስጀመረ፤ በ2013 ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ወደ ገበያው ገባ። ለተከራይ ይህ መንገድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ግድግዳ ለመብሳት አከራይ አይለመንም፣ ቤት ሲቀየርም ራውተሩን በሻንጣ ይዞ መሄድ ነው። ጉድለቱ ማማው የሰፈሩ ሁሉ መሆኑ ነው። ቀን የሚፈስ ኢንተርኔት ሕዝቡ ከሥራ ሲገባ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ውል ከመግባት በፊት የዚያኑ ኩባንያ ሲም በስልክ ላይ አድርጎ፣ ራውተሩ ሊቀመጥበት በታሰበው መስኮት አጠገብ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መሞከር ብልህነት ነው።

ሽቦም ማማም ለማይደርስበት ቦታ ሳተላይት አለ። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ በሚገኙት የቀድሞዎቹ ሳተላይቶች አንድ መልእክት ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ በቪዲዮ ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ቃል የሚረግጠው በዚህ መዘግየት ነው። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት አዳዲሶቹ ይህን በብዙ እጥፍ ያሳጥሩታል።

መስመሩ ከታወቀ በኋላ ነው እንግዲህ የሜጋው ጉዳይ የሚመጣው። ጥቅሉ ላይ የሚጻፈው ሜጋ ቢት ሲሆን ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ሜጋ ባይት ነው፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። የ40 ሜጋ ቢት ደንበኛ በሰከንድ 5 ሜጋ ባይት ሲያይ አልተጭበረበረም፣ ልክ የተከፈለበትን አግኝቷል። ኔትፍሊክስ ለሙሉ ኤችዲ ፊልም 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይመክራል። ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ በላኪውም በተቀባዩም በኩል ከ3 እስከ 4 ሜጋ ቢት ይበቃዋል። ሁለት ሰው በሙሉ ኤችዲ ፊልም የሚያይበት፣ አንዱ የሚሰበሰብበት፣ ሌሎቹ በስልክ የሚያወሩበት ቤት እንግዲህ በእውነተኛ 20 ሜጋ ቢት በደህና ያድራል።

ሻጩን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። የመላኪያው ፍጥነት ስንት ነው? «ያልተገደበ» የተባለው ጥቅል ከተወሰነ ጊጋ ባይት በኋላ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይ? ቤት ብቀይር መስመሩን ለማዛወር ምን እከፍላለሁ? ሞደሙ የማን ንብረት እንደሆነም ውሉ ላይ ይነበብ።

ከሞደሙ ወዲህ ያለው ችግር ግን የኩባንያው ሳይሆን የቤቱ ነው። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፤ ግን የጎረቤት ራውተር ሁሉ ስለሚሻማው ይጨናነቃል። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፣ በብሎኬትና በኮንክሪት ግን ቶሎ ይዳከማል። ፎቅ ቤት ውስጥ ራውተሩን ምድር ቤት ጥግ ከቴሌቪዥን ጀርባ አስቀምጦ ላይኛው መኝታ ክፍል «ኔትወርክ የለም» ማለት የተለመደ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ላፕቶፕን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ መለካት ይበቃል፦ በኬብል ሙሉ፣ በዋይፋይ ግማሽ ከሆነ ለኩባንያው መደወል ዋጋ የለውም።

መብራት ሲጠፋም መስመሮቹ ይለያያሉ። የፋይበሩ መከፋፈያዎች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም፤ ስለዚህ ማዕከሉ መጠባበቂያ ኃይል ካለው፣ ለሞደሙ ከቮልቱ ጋር የሚስማማ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) መግዛት ብቻ ኢንተርኔቱን ያቆየዋል። በሽቦ አልባው ግን የእርስዎ ራውተር ቢበራም ማማው ባትሪው ካለቀ ነገሩ ያበቃል።

እንግዲህ ፋይበር ደጅ ከደረሰ፣ ዝቅተኛው ጥቅልም ቢሆን ከሌሎቹ ከፍተኛ ጥቅሎች በፊት እሱ ይታይ። ካልደረሰ ወይም ቤቱ የኪራይ ከሆነ፣ ተሞክሮ የተመረጠ ሽቦ አልባ ይከተላል፤ መዳብ የመጨረሻው ነው። በሜጋው ከትንሹ መጀመር አያሳፍርም። በፋይበር ላይ ፍጥነት መጨመር ኩባንያው ከራሱ ሲስተም የሚያስተካክለው ነገር ነው፤ የተሳሳተ መስመር መቀየር ግን አዲስ ዝርጋታ፣ አዲስ ውልና አዲስ ወጪ ነው።