በበረዶ ምድር የተጋረደችው ፀሐይ

በመድረሳ ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ኡስታዝ፣ ሰዓቱ አስቀድሞ በሒሳብ ከታወቀ ለምን ይሰገዳል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። ስለ ስቫልባርድ ነገርኳት።

ስቫልባርድ በኖርዌይ ሥር ያሉ ደሴቶች ናቸው። ዋና ከተማቸው ሎንግየርብየን ከሰሜን ዋልታ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከከተማ የሚወጣ ሰው የዋልታ ድብ ስለሚፈራ መሣሪያ ይይዛል። በብርዱ ወራት ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም፤ ከተማይቱን ዳግም የምትነካት ማርች 8 ገደማ ሲሆን ሕፃናት ወጥተው በዘፈን ይቀበሏታል።

መጋቢት 11 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2015)፣ ዕለተ ጁሙዓ፣ ናፍቀው ባገኟት በ12ኛው ቀን ያችው ፀሐይ ተጋረደች። ሙሉ ግርዶሹ ከየብስ የታየው ከስቫልባርድና ከፋሮ ደሴቶች ብቻ ስለነበር ከየሀገሩ ሰው ጎረፈ። በዋዜማው አንድ ጎብኚ ድንኳኑ ውስጥ እንዳለ ድብ አቁስሎታል። በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ከረፋዱ 5 ሰዓት እንዳለፈ ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሸፈነቻት፤ ለ2 ደቂቃ ተኩል ያህል በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ነጭ የብርሃን አክሊል ታየ። ጥላው ጉዞውን የጨረሰው ሰሜን ዋልታ አጠገብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ፀሐይ ከ6 ወር በኋላ የምትመለስበት ሰሞን ነበር።

ጨረቃ ከፀሐይ 400 ጊዜ ያህል ታንሳለች፤ ለእኛም 400 ጊዜ ያህል ትቀርባለች። ልክክ ብለው የሚገጥሙት ለዚህ ነው፤ ሱብሃነላህ! የሒሳብ ሰዎች ደቂቃውን ከብዙ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ስላወቁት ግን ከቤት አልቀሩም፤ ብርዱ ውስጥ ቆመው ጠበቁ።

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ገና 2 ዓመት ያልሞላው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ለሕፃኑ ሞት ነው አሉ። ሐዘን ላይ የነበሩት አባት ግን ይህን አልተቀበሉም፤ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንጂ ለማንም ሞት የማይጋረዱ መሆናቸውን ነግረው ሕዝቡን ወደ ሶላት ጠሩ። ጥንቆላውን ከልክለው ሶላቱን አስቀሩልን። እሱም 2 ረከዓ ነው፤ አዛንና ኢቃማ የለውም፤ ግርዶሹ እስኪገለጥ ጊዜው አያልፍም።

ተማሪዋ ጥቂት አሰበችና፣ «ድቦቹስ ሲጨልም ምን አደረጉ?» አለችኝ።

አላሁ አዕለም።