የቤት አሠራር ተማሪ አስቀድሞ ማጀቱን ይለካ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ነገር ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ስለ ቤት በተነሣ ጊዜ አብዛኛውን የሚነገረው ስለ ውጭው ነው፤ ስለ ጣራው ቆርቆሮ፣ ስለ በሩ ብረት፣ ስለ አጥሩ ድንጋይ ነው። ሰው የሚበላውና የሚያድረው፣ የሚታመመውና የሚድነው ግን ከውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤት ውስጥ አሠራርና አከፋፈል ትምህርት፣ ይህን ትምህርት ለልጆቻቸው ለሚመኙ ወላጆች የሚረዳ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። በጽሕፈታችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ትምህርት የውስጥ አርክቴክቸር ይባላል። ብዙ ሰው ስሙን በሰማ ጊዜ መጋረጃ መምረጥ፣ ግድግዳ ቀለም መቀባት፣ ወንበርን ከምንጣፍ ጋራ ማስማማት ይመስለዋል። ይህም የትምህርቱ አንድ ክፍል መሆኑ አይካድም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በአንድ ቤት ውስጥ ብርሃን በየት እንደሚገባ፣ ጢስ በየት እንደሚወጣ፣ ውሃ በየት መጥቶ በየት እንደሚፈስ፣ ሕፃን የት እንደሚተኛ፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ፣ እንጀራ የምትጋግረውም ሴት ከእንስራው እስከ ምድጃው ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ መርምሮ ማወቅና ይህን ሁሉ በሥርዓት ማደላደል ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ተጨምሮበታል፤ ለቤቱ የሚያስፈልገው ዕቃ ደኑን ሳያራቍት፣ አየሩንም ሳያበላሽ እንዴት ይገኛል የሚል ነው። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚሰደው የካርቦን ጋዝ ውስጥ ከመቶው 7 ወይም 8 እጅ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ ብቻ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጽ ወደ ጎጃም እንሂድ። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። በዚችም ከተማ ዙሪያ፣ እስከ ቡሬና እስከ ፍኖተ ሰላም ገጠር ድረስም ቢሄዱ፣ የቤቱ አሠራር ብዙ አይለያይም። ባሕር ዛፍ ተቈርጦ ይተከላል፤ በማገር ይያያዛል፤ የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋራ ተቦክቶ ይመረጋል፤ ከውስጥም መደቡና ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ዱሮ ጣራው ሣር ነበር፤ ዛሬ ግን በከተማውም በገጠሩም ቆርቆሮ እየተካው ሄዷል።

ይህ የአባቶች አሠራር የሚናቅ አይደለም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሌሊት ብርድ በመጣ ጊዜም ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። የሣር ክዳን በየስሩ አየር ስለሚይዝ ሙቀትንም ብርድንም ይከለክላል። ጭቃውና ጭዱ ከደጅ የሚገኙ ናቸውና ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ቤቱ ባረጀ ጊዜም ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። ባሕር ዛፉም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ፣ ዛሬ የገበሬው ምሰሶና ማገዶ ሆኖለታል።

ጕድለቱም እንዲሁ ሊነገር ይገባል። ቆርቆሮ ዝናብን በመከልከልና ብዙ ዓመት በመቆየት ከሣር ይበልጣል። ነገር ግን ስስ ብረት በመሆኑ ቀን ያግላል፤ ሌሊት ይበርዳል፤ የክረምት ዝናብም ሲወርድበት በቤቱ ውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም። የሣር ክዳን ጢሱን በየቀዳዳው ጥቂት ጥቂት ያሳልፈው ነበር፤ ቆርቆሮ ግን መውጫ ካልተበጀለት ያፍነዋል። ባለቤቱ እህሉንና ባሕር ዛፉን ሸጦ ቆርቆሮ ሲገዛ፣ የፊቱን ግድግዳ ሲያስለስንና ቀለም ሲያስቀባ፣ ማጀቱ እንደ ጨለመ ይቀራል። ‹‹የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ›› የሚለው ተረት ለሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም ለእንደዚህ ያለው ቤት የተነገረ ይመስላል።

የማጀት ጢስ ዐይን በማስለቀስ ብቻ የሚቀር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2020 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ በሚነሣ ጢስና ጥላሸት ምክንያት ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ ይውላልና እናቲቱ የምትስበውን ጢስ እርሱም ይስባል። እንግዲህ የማጀት አሠራር የጌጥ ነገር ሳይሆን የዕድሜ ነገር ነው።

ይህን አስቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዲቱ የኦስትሪያ ሴት ናት። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በቪየና የሕንፃ ጥበብ ስትማር፣ በ1917 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የንድፍ ውድድር ለመግባት ተነሣች። መምህሯ ኦስካር ሽትርናድ አንድም መሥመር ከመሳሏ አስቀድሞ ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ሄዳ ኑሯቸውን በዐይኗ እንድታይ መከራት። ሄዳም ብዙ ነፍስ በአንዲት ክፍል ተጨናንቆ ሲኖር አየች። ከዚያ በኋላ በ1926 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ፣ ወርዱ 2 ሜትር የማይሞላ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል የማይደርስ ማድ ቤት ነደፈች። በባቡር ውስጥ ወጥ የሚሠራባትን ጠባብ ክፍል ምሳሌ አድርጋ፣ የሴቲቱን እርምጃና የምታጠፋውን ጊዜ አሰላስላ፣ ዕቃው ሁሉ እጅ በሚደርስበት እንዲሆን አደረገች። በዚህ ዓይነት 10 ሺህ ያህል ማድ ቤቶች በዚያች ከተማ ተሠሩ። ምስጋናው የሚገባው ለንድፏ ብቻ አይደለም፤ ከንድፉ በፊት ላደረገችው ጉብኝት ጭምር ነው።

በአገራችንም ይህ ትምህርት ጊዜ አግኝቶ ሥር ሰዷል። በ1954 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአዲስ አበባ የሕንፃ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህም ትምህርት ቤት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ጋራ ተዋሕዶ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የሕንፃ፣ የኮንስትራክሽንና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል። ለዱርቤቴ ልጅ ደግሞ ባሕር ዳር ቅርብ ናት፤ በ1963 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተመሠረተው ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ፣ ከሌሎቹ የጥበብ ዓይነቶች ጋራ አርክቴክቸር ያስተምራል።

የትምህርቱ አኳኋን ወላጆች ከሚያስቡት ይለያል። ተማሪው መጽሐፍ ከማጥናቱ ይልቅ ሲለካ፣ ሲስል፣ ከካርቶንና ከእንጨት ትንንሽ ምሳሌ ቤት ሲሠራ ያድራል። ሥራውንም በጨረሰ ጊዜ ይዞ በመምህራን ፊት ይቆማል፤ እነርሱም እንደ ዳኞች ተቀምጠው ‹‹ይህ በር ስለ ምን በዚህ ሆነ? ይህስ መስኮት ማንን ያገለግላል?›› እያሉ ይመረምሩታል። ተማሪዎች ይህን ሸንጎ ጁሪ ይሉታል። በፍርድ ቤት ያለ ማስረጃ የሚረታ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ በዚህም ሸንጎ ‹‹ደስ ስላለኝ ነው›› ማለት መልስ አይሆንም።

አፈርን ንቆ የተማረ ሰው ይህን ጥበብ በሙሉ አያገኘውም። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ኢንስቲትዩት ግቢ፣ የኢትዮጵያ ተማሪዎችና መምህራን ከስዊስ አገር ከዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፣ ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ያለው የአፈር ቤት ሠሩ። የምድር ቤቱ ግድግዳ በሳንቃ መካከል ተደልድሎ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ፎቁንና ጣራውንም የሚሸከመው ከስስ የአፈር ጡብ የተገነባ ቅስት ነው። በዚህም እንጨት ባነሰበትና ብረት በተወደደበት አገር ፎቅ ቤት ከእግር በታች ካለው አፈር ሊሠራ እንደሚቻል አሳዩ።

ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ የቡርኪና ፋሶውን ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬን መጥቀስ ይገባል። ይህ ሰው ጋንዶ ከምትባል የገጠር መንደር ወጥቶ በበርሊን አርክቴክቸር ሲማር ሳለ፣ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ሊሠራ አሰበ። የአገሩ ሰዎች ግን የጭቃ ቤት ክረምቱን አይችልም ብለው ተጠራጠሩት። እርሱም ነገሩን በትዕግሥት እያስረዳ፣ አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋራ ቀላቅሎ ጡብ አስመታ፤ ከበላይም ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ በመካከል የሚያልፈውም ነፋስ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ በ2001 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ኬሬም በ2022 ዓ.ም. ፕሪትዝከር የተባለውን የሕንፃ ጥበብ ታላቅ ሽልማት ከአፍሪቃውያን ሁሉ አስቀድሞ ተቀበለ። የጋንዶ ቆርቆሮ ከዱርቤቴ ቆርቆሮ የተለየ ብረት አይደለም፤ የተለየው አሰቃቀሉ ነው።

እንግዲህ ከዱርቤቴ ወይም ከቡሬ ወጥቶ ይህን ጥበብ የሚማር ልጅ ለዕረፍት ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ሊያደርገው የሚገባው ሥራ ይህ ነው።

1ኛ፤ ማጀቱን ይለካ። አባቶቻችን በክንድ፣ በስንዝርና በጋት ይለኩ ነበር፤ ይህም ቤቱን ከሰው አካል ጋራ ያስማማል። እናቱ ከእንስራው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ሌማቱ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደምትሄድና ስንት ጊዜ እንደምታጎነብስ ይቍጠር።

2ኛ፤ የጢሱን መንገድ ያብጅ። ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣልና መውጫው ከጣራው አጠገብ ከፍ ብሎ፣ ንጹሑ አየር የሚገባበትም በወዲያኛው ወገን ዝቅ ብሎ ይሁን። ምድጃውም ዙሪያውን የተከበበ፣ ማገዶ ቆጣቢ ቢሆንና ከመሬት ከፍ ቢል የሴቲቱ ወገብ ያርፋል፤ ባሕር ዛፉም ይተርፋል።

3ኛ፤ የፀሐይን አካሄድ ይመልከት። በዚያ አገር ፀሐይ በክረምት ጥቂት ወደ ሰሜን፣ በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሰሜንና በደቡብ ወገን ያለ መስኮት በጣራው ጥላ በቀላሉ ይጠበቃል፤ በምዕራብ ያለው ግን የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል።

4ኛ፤ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ያኑር፤ በመካከላቸውም የአየር መተላለፊያ ይተው። ከእንጅባራ ደጋ የሚመጣ ቀርከሃ ተሸምኖ ለዚህ ይበቃል።

5ኛ፤ መሠረቱን እስከ ጕልበት ድረስ በድንጋይ ያድርግ፤ ጣራውንም ከግድግዳው አውጥቶ ያስረዝም። እንዲህ ቢሆን የጭቃው ግድግዳ ከዝናብ ፍንጣቂ ይድናል። ጠፈጠፉ ግን በጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ አስቀድሞ ቦይ ያውጣለት፤ ከጠፈጠፍ የተነሣ ሙግት የጎረቤትን ፍቅር ያፈርሳልና።

በዚህ ላይ አንድ የሚከራከር ሽማግሌ ሊነሣ ይችላል፤ ‹‹ጢሱ እንጨቱን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቅልን ነበር፤ ጢሱን ብታወጣው ቤቴን ምን ይጠብቀዋል?›› ቢል ነገሩ እውነት አለበት። ተማሪው ሊስቅ አይገባውም። ጢሱን የሚያወጣ ሰው ጢሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ በሌላ ነገር መተካት አለበት፤ የድንጋዩ መሠረት፣ የእንጨቱ ከመሬት መራቅና ደርቆ መኖር ስለዚህ ያስፈልጋሉ። የተማረ ሰው ከአላዋቂ የሚለየው አንዱን ነገር ሲያነሣ ከእርሱ ጋራ አብሮ የሚነሣውን በማየቱ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፣ ይህን ትምህርት ልማር ባለ ጊዜ ‹‹የጌጥ ትምህርት ነው›› ብላችሁ አትከልክሉ። በተለይ ለሴቶች ልጆቻችን መንገዱ ሊከፈት ይገባል፤ የማጀትን ድካም የሚያውቅ ሰው ንድፉን ሲይዝ አንዳች አይሰወረውምና። እናንተም ባለ ሥልጣኖች፣ ትምህርት ቤት ወይም የሹም ቤት በምታሠሩበት ጊዜ ንድፉን ከመፈረማችሁ በፊት የውጭውን መልክ ብቻ አትዩ። ምግብ የሚሠራበት ክፍል የት እንደሆነ፣ መስኮቱ ስንት እንደሆነ፣ ጢሱም በየት እንደሚወጣ ጠይቁ። ነዳፊው ይህን መመለስ ካቃተው ወረቀቱን መልሱለት፤ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ከምታበስለው ሴት አጠገብ አንድ ቀን ተቀምጦ ውሎ ይምጣ።