የጣና ነጭ ዓሣ፦ በኪሎ ወይስ በኮንትራት?

ዓቢይ ጾም በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ የዓሣ ገበያ ይነቃል። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በአባቶችና በምእመናን ዘንድ እንዳለ ሆኖ፣ ገበያው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በተክለ ሃይማኖትም እንደ ሌላው የከተማው ሠፈር ሁሉ ሥጋ ከምግብ ዝርዝሩ ሲወጣ የዓሣ ጎላሽ፣ የዓሣ ለብለብና የዓሣ ዱለት ጠያቂው ይበዛል፤ ፊሌቶ የሚያቀርበው ነጋዴም ስልኩ አያርፍም።

ይኸው ነጋዴ የሚያውቀው ሒሳብ አንድ ነው፤ የኪሎ ሒሳብ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ወደ 560 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ። በረዶው፣ ነዳጁና በመንገድ የሚበላሸው ሁሉ በኪሎው ላይ ይታሰባል። ቆሮሶ ተገፎ፣ አጥንቱና ጭንቅላቱ ወጥቶ ፊሌቶ ሲሆን የሚቀረው ሥጋ ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ያህል ነው። ሁለቱ እጅ ተጓጉዞ የሚጣል ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዓሣ ንግድ ትርፉ የሚገኘው ብዙ በመጫን ነው፤ ብዙ ለመጫን ደግሞ ብዙ መያዝ ያስፈልጋል።

በሌላው ዓለም ግን ያንኑ ዓሣ በሌላ ሒሳብ የሚሸጡ አሉ። የሚሸጡት ዓሣውን ሳይሆን ዓሣ የማጥመጃውን ቀን ነው። ለዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ የሚካሄደው የሳልመን ማጥመጃ የኮንትራት ጀልባ ነው።

የኮንትራት ጀልባ እንዴት ይሠራል?

ነገሩ ከኮንትራት ታክሲ ብዙ አይለይም። ደንበኞች ጀልባውን ከነካፒቴኑ ለግማሽ ወይም ለሙሉ ቀን ይከራያሉ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት አነስተኛ ፈቃድ ያለው ካፒቴን እስከ 6 ከፋይ መንገደኛ ይጭናል። ዘንጉ፣ መንጠቆው፣ ማባበያው፣ የሕይወት አድን ጃኬቱ ሁሉ ከጀልባው ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ ጀልባው ቀስ ብሎ እየሄደ ብዙ መንጠቆዎችን በአንድ ጊዜ ከኋላው ይጎትታል። ሳልመን ቀዝቃዛ ውሃ ተከትሎ ወደ ታች ስለሚወርድ መንጠቆው በከባድ እርሳስ ታስሮ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ዓሣው ያለበትን ጥልቀት የሚያሳይ የድምፅ መሣሪያም ይገጠማል።

የተያዘው ዓሣ የደንበኛው ነው። ዋጋው ግን በዓሣው ቁጥር አይወጣም። ምንም ባይያዝም ኪራዩ ይከፈላል፤ ሲቀናቸው ደግሞ ለረዳቱ ጉርሻ ይጨመራል። ከዚያ ባሻገር ደንበኛው ሆቴል ያድራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ነዳጅ ይሞላል። ለአንድ ዓሣ ሲል ሦስትና አራት ነጋዴ ዘንድ ገንዘብ ያወጣል ማለት ነው። በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ዓሣ ይህን ያህል ኪስ አይነካም።

ሳልመን ግን የእነዚያ ሐይቆች ተወላጅ አልነበረም፤ ከዳር የኖረ ሰው ሳያስገርመው አይቀርም። ላምፕሬይ የተባለው ደም መጣጭ የባሕር ፍጥረት በመርከብ መተላለፊያ ቦዮች ገብቶ የሐይቆቹን ነባር ትልቅ ዓሣ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ፈጀው። በላተኛ ሲጠፋ አልዋይፍ የተባለ ትንሽ መጤ ዓሣ ያለ ልክ ተራባ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻዎች እየሞተ ተከምሮ ከተሞቹን በግማት አስጨነቀ። የሚሺጋን ክፍለ ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የነበሩት ሃዋርድ ታነር በ1966 እ.ኤ.አ. ከኦሬጎን የመጣ የኮሆ ሳልመን ጫጩት ወደ ሐይቁ በሚገቡ ወንዞች አስለቀቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቺኑክ ተከተለ። ሳልመኑ አልዋይፉን እየበላ ሰባ፤ አጥማጁም ከየከተማው ጎረፈ። የሞቱ የወደብ ከተሞች በኮንትራት ጀልባ ተነሡ።

ለባለሀብት ቁም ነገሩ የዓሣው መምጣት ብቻ አይደለም፤ የጫጩቱን ወጪ ማን እንደሚችል ነው። አጥማጁ ፈቃድ ይገዛል፤ በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ለሳልመን የተለየ ቴምብር ይጨምራል። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የፌዴራል ሕግም በማጥመጃ ዕቃ ላይ ከአምራቹ ታክስ እየሰበሰበ ለየክፍለ ግዛቱ የዓሣ ሥራ ይመልሳል። ባጭሩ መንጠቆ የገዛ ሰው ለጫጩቱም ከፍሏል።

ይሁን እንጂ ጀልባና ካፒቴን ብቻውን ንግድ አያቆምም። በሁሮን ሐይቅ በ2003 እና በ2004 እ.ኤ.አ. አልዋይፉ ተመናመነ። ሳልመኑ በዝቶ በልቶታል፤ መጤ ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎሎችም የውሃውን ምግብ አጣርተው ጨርሰዋል። ቺኑኩ ከሳ፣ ቁጥሩም ወደቀ። በሐይቁ ዳር የነበሩ የኮንትራት ጀልባዎች ደንበኛ አጡ፤ የማጥመጃ ዕቃ ሱቆችም ተዘጉ። ጀልባዎቹ አልተሰበሩም፣ ካፒቴኖቹም ሙያቸው አልጠፋም። የጠፋው መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ዕቃ ነው። ጎረቤት የሆነው የሚሺጋን ሐይቅ ክፍለ ግዛቶች ይህን አይተው በ2013 እ.ኤ.አ. የሚለቁትን የቺኑክ ጫጩት በግማሽ ገደማ ቀነሱ። ዓሣ ለመጠበቅ ሲባል ዓሣ መቀነስ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ መኖ ከሌለ ከብት አይበዛም።

ነጭ ዓሣ የጣና ሳልመን ነው?

በዘር ሐረግ አይደለም፤ በጠባይ ግን ይቀርበዋል። አስቀድሞ አንድ የስም ጣጣ መፍታት ያስፈልጋል። በአርባ ምንጭ መሥመር «ነጭ ዓሣ» ሲባል በጫሞና በዓባያ ሐይቆች የሚገኘው ግዙፉ የናይል ፐርች ነው። በጣና ግን «ነጭ ዓሣ» የሚባሉት ላቢዮባርበስ የተሰኘው ወገን ዓሦች ናቸው። ስሙን ብቻ ሰምቶ በስልክ የሚዋዋል ደላላ ሌላ ዕቃ ሊረከብ ይችላል።

በጣና የእነዚህ ዓሦች ዝርያ 15 ያህል ሲሆን አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ከእነሱም 8 የሚሆኑት ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። በመንጠቆና በማባበያ ለሚያጠምድ ስፖርተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያሳድድ ዓሣ ማባበያን ይመታልና። ክረምቱ ሲበረታ፣ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎችም ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ጠጠር መሬትና ጥሩ ውሃ ባላቸው ገባር ጅረቶች እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ከሳልመን የሚለዩበት አለ። የሰላማዊ ውቅያኖሱ ሳልመን አንዴ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። የጣናው ነጭ ዓሣ ግን ተመልሶ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይወጣል። ለአካለ መጠን ለመድረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በየዓመቱ ወለድ የሚከፍል ዋና ገንዘብ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። በወንዝ አፍ ተሰብስቦ ሲገኝ ለመያዝ ቀላል ነው፤ በወንዝ አፍ የተያዘው ደግሞ እንቁላሉን ገና ያልጣለው ነው።

በጣና ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በሰፊው የገባው በ1986 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በኔዘርላንድ ድጋፍና በቤተ ክርስቲያን በኩል በተጀመረ የልማት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማጥመጃ በታንኳ ከዳር ዳር የሚሠራ ነበር። የሞተር ጀልባው ምርት በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ወደ 360 ቶን ወጣ። አዲስ አበባም በዚህ ተጠቀመች። ይሁንና ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል ባደረጉት ንጽጽር፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 ከመቶ፣ ጫጩቶቻቸው ደግሞ በ90 ከመቶ ቀንሰው ተገኙ። የጫጩቱ ከእናቱ የበለጠ መውረድ ለሚያነብበው ሰው ብዙ ይናገራል፤ ሱቁ እየሸጠ ነው፣ ዕቃ ግን እየገባ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ አልቀለለም። በወንዝ አፍ መረብ መዘርጋቱ፣ በአንዳንድ ጅረቶችም በብርብራ ፍሬ ዓሣን ማደንዘዙ ቀጠለ። ዓይኑ የጠበበ ርካሽ የፕላስቲክ መረብ በሐይቁ ተሠራጨ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደው የደረቀ ዓሣም ሌላ ገዢ ጨመረ። በርብ ወንዝ ላይ የተገነባው የመስኖ ግድብ የዓሣውን የወጣ ገባ መንገድ አቋርጧል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፋ።

ጀልባው አለ፣ ጎደሎው ሌላ ነው

የኮንትራት ጀልባ ሥራ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ጉማሬ ያለበት ሥፍራ ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። በአርባ ምንጭም በጫሞ ላይ «አዞ ገበያ» ወደሚባለው ሥፍራ ጀልባ ተከራይቶ መሄድ የታወቀ ነው። አዞው አይሸጥም፣ አይበላምም፤ ታይቶ ብቻ ገንዘብ ያስገኛል። በግብፅ ከአስዋን በላይ ባለው የናስር ሐይቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥራ ደግሞ ከዚህ አንድ ደረጃ ያልፋል፤ አውሮፓውያን ለቀናት ጀልባ ላይ እያደሩ በመንጠቆ የናይል ፐርች ያጠምዱና ብዙውን ጊዜ ፎቶ ተነሥተው መልሰው ይለቁታል። ይህ ዓሣ በጫሞ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

የሳልመን ቤተ ዘመድ የሆነው ትራውትም በአገራችን አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በወይብና በሌሎች ቀዝቃዛ ወንዞች ተለቆ ተራብቷል። ነገር ግን ያ የወንዝ ዳር፣ የጥቂት ሰዎች ማጥመጃ ስለሆነ ጀልባ አይጠይቅም።

ጣናን የሚያስብ ባለሀብት የሚሺጋንን ጀልባ ገልብጦ ቢያመጣ ይከስራል። ሚሺጋን እስከ 281 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከባድ እርሳሱና ውድ መሣሪያው አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋና ቀላል ጀልባ ይበቃል። ክረምት ላይ ከወንዞቹ የሚገባው ደለል ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ማባበያ አይታይም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞገድ ስለሚያስነሣ ሥራው የማለዳ ነው።

ሕጉም አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለንግድ የሚያጠምድ ሁሉ ፈቃድ እንዲይዝ ይጠይቃል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ የተሠራው ሪዞርት ለሰሜኑ ዳርቻ አዲስ ማረፊያ ሰጥቷል። ጎብኚው ግን ሰላም ይፈልጋል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት የባሕር ዳርን ጀልባና ሆቴል ክፉኛ ጎድቷል። ገንዘቡን ዛሬ የሚያፈስስ ሰው ይህን ስጋት በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የወንዝ አፉ ነው። በጉማራና በርብ አፍ መረብ የሚዘረጋው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የክረምቱ ወራት እህል የሚያልቅበት ወቅት ነው፣ ከአዲስ አበባና ከመተማ ቅድሚያ የሚከፍል ገዢም አለ። ያንን ሰው በአዋጅ ብቻ ማስቆም እንዳልተቻለ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ታንኳ ሲሠሩና ሐይቁን ሲያጠምዱ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎችና የየወረዳው የአስጋሪ ማኅበራት ዓሣው የት እንደሚውል ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የኮንትራት ጀልባ ቢጀመር መሪና ረዳት ሊሆኑ የሚችሉት እነሱ ናቸው። አሜሪካኖቹ በቴምብር የሚሰበስቡትን ገንዘብ እዚህ ከጀልባው ኪራይ ቆርጦ ለጠባቂ ደመወዝ ማዋል ይቻላል።

የገንዘቡ አመጣጥ ግን ከሥራው ወቅት ጋር አይገጥምም። ጎብኚው የሚበዛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር፣ መስቀልን፣ ገናንና ጥምቀትን ተከትሎ ነው። የወንዝ አፉ ጥበቃ የሚያስፈልገው ደግሞ በነሐሴና በመስከረም፣ ጀልባው ቆሞ በሚውልበት ወቅት ነው። ስለዚህ የጠባቂዎቹ የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ ከጥምቀት ሰሞን ገቢ ላይ ተነሥቶ መቀመጥ ይኖርበታል።