ቦንዱ በጤፍ ሲመነዘር

ከዕለቱ ዋጋ በፊት የራሴን ሂሳብ ላካፍላችሁ። የህዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 እንደተጣለ፣ እዚሁ መካነ ሰላም የ1,000 ብር ቦንድ ገዛሁ። ያኔ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ገደማ ነበር።

በወቅቱ የረጅም ጊዜ ወለድ 6 በመቶ ነበር። 14 ዓመት ቢደራረብ 2,260 ብር ገደማ ይመጣል። ዛሬ ሩብ ኩንታልም አይገዛ!

አልቆጨኝም። ከቦረና ቆላ ሥር የሚወርደው ዓባይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በተመረቀው ባለ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ ተርባይን እያዞረ ነው። ወጪውን በአብዛኛው እኛው ነን የሸፈንነው።

ዩኒየኖች ግን ልብ በሉ፦ ለሀገር የሰጣችሁት ሌላ፣ የአባላት መጠባበቂያ ሌላ። መጠባበቂያውን ሁሉ በብር አታስተኙት፤ በየዓመቱ ስንት ኩንታል እንደሚገዛ አስሉ።

እናንተስ ያኔ የገዛችሁት ቦንድ ስንት ኩንታል ነበር?