«በሞቴ» ስባል

«ስኳርሽን በምግብ እንዴት አወረድሽው? ምን ምን በላሽ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። የበላሁትን እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን አብረውኝ ስለበሉት ሰዎች ላውራ፤ ያለ እነሱ አልችለውም ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በባዶ ሆዴ ስለካ 214 ሆነ። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 9.1። ዓይነት ሁለት ስኳር። ሐኪሙ ሜትፎርሚን አዘዘልኝና «እንጀራ ቀንሺ፣ ጣፋጭ ተዪ፣ ክብደትሽን አውርጂ» አለኝ። ምክሩ ልክ ነበር። ችግሩ የጀመረው ቤት ስገባ ነው። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ባለቤቴ ያጎርሰኛል። እናቴ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትለኛለች፤ የእናት «በሞቴ» እንዴት ይታለፋል? ሊጠይቁኝ የመጡ ዘመዶች እንኳ የያዙት የታሸገ ጁስና ለስላሳ ነበር። ለቅሶም ሆነ ክርስትና ሄዶ «አልበላም» ማለት ጋባዡን መናቅ ይመስላል። ስድስት ወር ሙሉ፣ ማድረግ ያለብኝን እያወቅኩ፣ ምንም ሳላደርግ ቆየሁ። በቀጠሮዬ ቀን 9.4 ጠበቀኝ።

ያን ቀን ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ተቀምጠው ነበር። ደብተር ገልጠዋል። በግራ በኩል የበሉት ተጽፏል፣ በቀኝ በኩል ከሁለት ሰዓት በኋላ የለኩት። ሳጮልቅ አዩኝና «ልጄ፣ ትናንት ማታ ምን በላሽ?» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። «እኔ ፓስታ በልቼ 260 ገባሁ» ብለው ደብተሩን ሰጡኝ። ሰው ስለ ስኳሩ ሳይደብቅ ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን መራመድ ጀመርን። አንድ የሚኒባስ ሹፌርና አንዲት ወጣት እናት ተጨመሩ፤ ዛሬ ሰባት ነን። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ገባን። በወር አንዴ ተረኛው ቤቱ ምሳ ያበላል፤ ከምግቡ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንለካለን። መለኪያውም መውጊያውም የየራሳችን ነው፤ ደም የነካ ዕቃ አንዋዋስም።

ደብተሩ ብዙ አስተማረን። እኔ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ በልቼ 236 ገባሁ። በሌላ ቀን ጎመኑን አስቀድሜ፣ ምስሩን አብዝቼ፣ እንጀራውን ግማሽ ሳደርገው 158 ሆነ። «የጤፍ ነው፣ አይጎዳም» ስንል ኖረናል። ጤፍ ብረትም አሰርም አለው፤ ግን እሱም ስታርች ነው፣ ሲበዛ ስኳር ያወጣል። ማርም ስኳር ነው። ጁስም እንደዚያው። ቡናዬን ያለ ስኳር ለመድኩ። እንቁላል፣ ዓይብ፣ ዓሣ፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ሽምብራና ባቄላ ዋናዬ ሆኑ። በጾም ጊዜ ሆዳችንን በዳቦ፣ በሩዝና በድንች መሙላት ትተን ወደ ጥራጥሬውና ቅጠላ ቅጠሉ አደላን። ደግሞ የአንዱ ሰውነት እንደ ሌላው አይደለም፤ እኔን 236 ያደረሰኝ ምግብ ሹፌሩን 190 ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ የምንለዋወጠው ትእዛዝ ሳይሆን ልምድ ነው።

«ስኳር አንዴ ከያዘ አይለቅም» እየተባልን ነው ያደግነው። ለምን ሊያፈገፍግ እንደሚችል በአጭሩ ላስረዳ። በዓይነት ሁለት ስኳር ብዙ ጊዜ ጉበት ውስጥ ስብ ይከማቻል። እንዲህ ያለው ጉበት ኢንሱሊን ቢያዘውም አይሰማም፤ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይቀጥላል። ትርፉ ስብ ቆሽትም ውስጥ ይገባና ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያዳክማል። ሰው በቂ ክብደት ሲቀንስ ስቡ ከሁለቱም ይወጣል፤ በተለይ በሽታው ካልቆየ ቆሽት ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። የኒውካስሉ ፕሮፌሰር ሮይ ቴይለርና የግላስጎው ፕሮፌሰር ማይክ ሊን የመሩት ዳይሬክት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን አሳየ። በሽታው ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ ወሰዱ። በዓመቱ ከ100 ሰው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆነ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ ከ100 86ቱ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው አልተሸኙም። የሠለጠነ ነርስ ወይም የምግብ ባለሙያ እየጠራ ይከታተላቸው ነበር። ያም ሆኖ በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ወረደ። ካወረዱት በኋላ መጠበቁ ይከብዳል፤ አጋዥ የሚያስፈልገው ይበልጥ ያኔ ነው።

እዚህ ላይ እባካችሁ በጥሞና አንብቡኝ። ሹፌራችን የሚወስደው ግላይቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራውን በግማሽ ቀነሰ፣ ክኒኑን ግን እንደነበረው ዋጠ። መሪ እንደያዘ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ። እንደምንም ዳር ይዞ ቆመ፤ ረዳቱ ሮጦ ለስላሳ ገዝቶ አጠጣው። ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕግ አለን። አንደኛ፣ ምግቡን ከመቀነስ በፊት ሐኪም መድኃኒቱን ያስተካክላል፤ ኢንሱሊን ወይም እንዲህ ያለ ክኒን ለሚወስድ፣ ለነፍሰ ጡርና ኩላሊቱን ለታመመ ሰው ይህ በፍጹም አይዘለልም። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ማንም ማንንም «መድኃኒትህን ተው» አይልም፤ «ሽፈራው ጠጣና ክኒኑን ጣል» የሚል ምክርም አይገባም። ዓይነት አንድ ስኳር ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ኢንሱሊኑ አይቋረጥም።

ተራዬ ደርሶ ቤቴ ሲመጡ ወጥ የሠራችው እናቴ ናት። ስድስት እንግዳ ጎመኑን አስቀድሞ ሲበላ፣ እርስ በርሱ ሳይገባበዝ ሲጨዋወትና ሲለካ ቆማ አየች። ሰባት ወር ሳስረዳት ያልገባት በአንድ ምሳ ገባት። አሁንም «በሞቴ» ትለኛለች፤ የምታጎርሰኝ ግን ጎመን ነው።

አንድ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ቁጥሬ ወጣብኝ። አፍሬ ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። መምህርታችን ደወሉ። «ልጄ፣ ቁጥሩን ይዘሽ ነይ» ብቻ አሉኝ። ሄድኩ። ማንም አልወቀሰኝም፤ ደብተሬን ገልጠን ከየት እንደመጣ ፈለግን። ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ የምመለስ አይመስለኝም።

በአሥር ወር 16 ኪሎ ቀነስኩ። ሐኪሜ ሜትፎርሚኑን አቆመልኝ። ያለ መድኃኒት ሦስት ወር ቆይቼ ስመረመር 6.0 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የተስማሙበት ልክ ይኸው ነው፤ መድኃኒት ከቆመ ቢያንስ ሦስት ወር በኋላ ከ6.5 በታች መሆን። ድኛለሁ አልልም። ስኳሩ አፈግፍጓል፤ ከዘነጋሁት ይመለሳል። ምርመራዬን፣ ዓይኔንና እግሬን መታየቴን አላቋርጥም። መምህርታችን ከስኳር ጋር ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ የኢንሱሊናቸው መጠን ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሁላችንን ያሰባሰቡት ግን እሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮአችሁ ወረፋ ስትጠብቁ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው ትናንት የበላችሁትንና የለካችሁትን ንገሩት። ከዚያ የእሱን ጠይቁት። የእኛ ማኅበር የተጀመረው እንዲህ ነው።