የሕንድ የሙዚቃና የቴአትር ክምችቶችን ለፈጠራና ለጥናት ሥራ ስለ ማዋል

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1902 ግራሞፎን ኩባንያ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የድምፅ ባለሙያውን ፍሬድ ጋይዝበርግን ወደ ካልካታ ልኮ በአገሩ የታወቁ ዘፋኞችን ድምፅ በሸክላ አስቀረጸ። ከእነዚህም አንዷ የነበረችው ዝነኛዋ ጎሃር ጃን ዘፈኗን ስትጨርስ ስሟን በእንግሊዝኛ ትናገር ነበር። ሸክላዎቹ የሚታተሙት በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ ስለ ነበር፣ በዚያ ያሉት ሠራተኞች የማን ድምፅ እንደ ሆነ ለይተው እንዲጽፉ ታስቦ እንደ ነበር ይነገራል። አንድ ሸክላ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ በመሆኑም፣ በመድረክ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚወስደው የራጋ ዜማ ወደዚሁ ልክ ተጨምቆ እንዲገባ ግድ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ በቤተ መዛግብት የሚገኘው የዚያ ዘመን ድምፅ የሙዚቃው ሙሉ መልክ ሳይሆን የመሣሪያው አቅም የፈቀደው ክፍል ብቻ ነው። ይህንንም ለይቶ ለማስረዳት ሸክላውን በመደርደሪያ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ጊዜ ወስዶ የሚያዳምጠው፣ ከሌላው ጋር የሚያነጻጽረውና ዕውቀቱን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሰው ግን ከየት ይከፈለዋል? ሕንድ በትርኢታዊ ኪነ ጥበባት ክምችት እጅግ የበለጸገች አገር ናት። ለማሰባሰቢያና ለማከማቻ የሚሆን ገንዘብም በተለያየ ጊዜ ከልዩ ልዩ ምንጮች ተገኝቷል። በተከማቸው ሀብት ላይ ለሚሠራው አርቲስትና ተመራማሪ የሚሆነው ገንዘብ ግን ዘግይቶ የመጣና መጠኑም አነስተኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ገንዘብ ከወዴት እንደሚመጣ፣ በምን ሥርዓት እንደሚሰጥና ምን ዓይነት ችግር እንደሚገጥመው ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው።

በመንግሥት በኩል የመጀመሪያው ተቋም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1953 በኒው ዴልሂ የተመረቀው ሳንጊት ናታክ አካዳሚ ነው። የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የቴአትር ብሔራዊ አካዳሚ ሲሆን፣ በዘመናት ውስጥ ሰፊ የድምፅ፣ የፊልምና የፎቶግራፍ ክምችት አቋቁሟል። የሕንድ ራዲዮም ለሥርጭት ብሎ የቀረጸው ድምፅ ሳይታሰብ ታላቅ ቅርስ ሆኖለታል። ከመንግሥት ውጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ኮማል ኮታሪና ደራሲው ቪጃይዳን ዴታ በራጃስታን ክፍለ ሀገር ቦሩንዳ በተባለች የገጠር መንደር ያቋቋሙት ሩፓያን ሳንስታን፣ እንዲሁም የቴአትር ሐያሲው ኔሚቻንድራ ጄን እ.ኤ.አ. በ1989 በዴልሂ የመሠረተው ናታራንግ ፕራቲሽታን ይጠቀሳሉ። እነዚህ የግል ተቋማት በግለሰብ ፍቅርና ትጋት የተጀመሩ በመሆናቸው መሥራቹ ሲያልፍ ማን ይረከባቸዋል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አብሯቸው ይኖራል።

ክምችትን በሥራ ላይ ማዋል ምን ማለት እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የአርኖልድ ባኬ ታሪክ ነው። ባኬ የሆላንድ ተወላጅ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 በደቡብ ሕንድ እየተዘዋወረ የመንደር ዘፈኖችን፣ የሃይማኖት ዜማዎችንና ውዝዋዜዎችን በድምፅ መቅረጫና በፊልም ሰብስቧል። ክምችቱ ወደ አውሮፓ ተወስዶ ቀረ፤ የተቀዱት ሰዎችና ልጆቻቸው ደግሞ ድምፃቸውን ዳግመኛ አልሰሙም። ባኬ እ.ኤ.አ. በ1963 ከሞተ በኋላ የለንደን ተማሪው የነበረው ናዚር ጃይራዝቦይ ከኤሚ ካትሊን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 የቀረጻዎቹን ቅጂ ይዞ ባኬ ወደ ሄደባቸው ቦታዎች ተመለሰ። በየመንደሩም የቀድሞውን ድምፅ እያሰሙ ምን እንደ ቀጠለ፣ ምን እንደ ተለወጠ፣ ምንስ እንደ ጠፋ መረመሩ። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሞ ወጥቷል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ገንዘቡ ለአዲስ ክምችት ብቻ አለመዋሉ ነው፤ አሮጌው ክምችት ወደ ባለቤቶቹ እንዲመለስና ለአዲስ ጥያቄ መነሻ እንዲሆን አድርጓል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዝም ያለ ፊልም አንድ የጉዞ ወጪ ሲገኝለት የማነጻጸሪያ ሰነድ ሆነ።

ይኸው ጃይራዝቦይ የአሜሪካ የሕንድ ጥናት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1982 የኢትኖሙዚኮሎጂ ቤተ መዛግብትና የምርምር ማዕከል ሲያቋቁም ዋነኛው አስተባባሪ ነበር። ማዕከሉ ዛሬ በዴልሂ አጠገብ በጉሩግራም ይገኛል። መነሻ ሐሳቡም የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከሕንድ እየቀዱ የወሰዱት ድምፅ ቢያንስ ቅጂው በሕንድ ምድር እንዲኖር ማድረግ ነው። ለማዕከሉ ዕድገት ፎርድ ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ አድርጓል። ከጊዜ በኋላም ማዕከሉ ከሩፓያን ሳንስታን ጋር በመተባበር ክምችቱን ከማኅበረሰቡ ጋር የማገናኘት ሥራ ሠርቷል። በራጃስታን በረሃ የሚኖሩት ላንጋና ማንጋኒያር የተባሉት ወገኖች ሙዚቀኝነትን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርሱ ሲሆኑ፣ ለአሳዳሪ ቤተ ሰቦቻቸው በሠርግና በልደት ይዘፍናሉ፤ የትውልድ ሐረግም ይቆጥራሉ። በድሮ ዘመን ደጋፊያቸው ያ አሳዳሪ ቤት ነበር። ያ ሥርዓት በላላበት ጊዜ ድጋፉ በማን ይተካል የሚለው ጥያቄ የቤተ መዛግብቱም የሙዚቀኛውም የጋራ ጥያቄ ሆኗል።

ዕቅድ አውጪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት በወጪው ስሌት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የድጋፍ ጥያቄ የሚቀርበው ለመሣሪያ ግዢ ነው፤ ትልቁ ወጪ ግን የሰው ጉልበት ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ የቴፕ ክር ወደ ዲጂታል ለመለወጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት መጫወት አለበት፤ ክሩን ማጽዳቱ፣ ማሽኑን ማስተካከሉና የዘፋኙን፣ የቦታውን፣ የቋንቋውንና የመሣሪያውን ስም አጣርቶ መመዝገቡ ሲጨመር ሥራው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የማስቀመጫው ወጪ ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች በሚቀበሉት የጥራት ደረጃ፣ ይኸውም በሰከንድ 96 ሺህ ናሙና በ24 ቢት ሲቀዳ፣ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ 2 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ አንድ ሺህ ሰዓትም ከ2 ቴራባይት ብዙ አይበልጥም። በአንጻሩ የክር ማጫወቻ ማሽኖች ከገበያ እየጠፉ ስለ ሆነ ጊዜው ሲያልፍ በገንዘብ የማይመለስ ነገር አለ። እርጥበት ያጠቃው ክር ደግሞ ዕቅድ እስኪጸድቅ አይጠብቅም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለሰው የሚሰጠው ድጎማ ነው። በዚህ ረገድ በባንጋሎር የሚገኘው የሕንድ የኪነ ጥበባት ፋውንዴሽን ልዩ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቁሞ ከ1995 ጀምሮ ለአርቲስቶችና ለተመራማሪዎች ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። ከመርሐ ግብሮቹ አንዱ በቤተ መዛግብትና በሙዚየሞች ላይ ያተኮረ ነው። አሠራሩም፣ ፋውንዴሽኑ ከአንድ ክምችት ባለቤት ተቋም ጋር ይስማማል፤ ከዚያም አንድ አርቲስት ወይም ተመራማሪ በዚያ ክምችት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሠራና ውጤቱን በኤግዚቢሽን፣ በትርኢት ወይም በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲያቀርብ ድጎማ ይሰጠዋል። የዚህ ዘዴ ብልኅነት ሦስቱን ወገኖች ማስተሳሰሩ ነው። ተቋሙ ክምችቱን ለመክፈት ይገደዳል፤ ድጎማ ተቀባዩ በሕልም ሳይሆን በተጨባጭ ሰነድ ላይ ይሠራል፤ ሕዝቡም የተዘጋውን በር ተከፍቶ ያያል።

መንግሥት በበኩሉ በባህል ሚኒስቴር አማካይነት ለከፍተኛና ለጀማሪ ባለሙያዎች የሁለት ዓመት የምርምር ድጎማ የሚሰጥበት መርሐ ግብር አለው። በታወጀው ደንብ መሠረት ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ ለሆኑት በወር 20,000 ሩፒ፣ ከ25 እስከ 40 ለሆኑት ደግሞ 10,000 ሩፒ የተመደበ ሲሆን፣ ቁጥራቸውም በዓመት እስከ 400 ይደርሳል። ይህ ከሰፊው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ሆኖም ድጎማው በተቋም ሳይሆን በግለሰብ ስም የሚሰጥ መሆኑ ዩኒቨርሲቲ ያልገባውን የባህል ባለሙያም ተወዳዳሪ ያደርገዋል።

የገንዘቡ ምንጭ በሕግም ይወሰናል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዕርዳታ በሕንድ በልዩ ሕግ የሚገዛ ሲሆን፣ የ1976ቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ ተተክቶ በ2020 እንደ ገና ተሻሽሏል። በማሻሻያው መሠረት የውጭ ዕርዳታ ተቀባይ ድርጅት ገንዘቡን ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ ተከልክሏል፤ ለአስተዳደር የሚውለውም ከ50 ወደ 20 በመቶ ወርዷል። ከውጭ ተቀብሎ ለትናንሽ ቤተ መዛግብት የማከፋፈሉ ልማድ በዚህ ምክንያት ተዘጋ። በሌላ በኩል የ2013ቱ የኩባንያዎች ሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ፣ ለምሳሌ በዓመት 50 ሚሊዮን ሩፒና ከዚያ በላይ የተጣራ ትርፍ ያላቸው ኩባንያዎች፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ አገልግሎት እንዲያውሉ ያዛል፤ የብሔራዊ ቅርስና የባህላዊ ጥበባት ጥበቃም ከተፈቀዱት ዘርፎች አንዱ ነው። ነገር ግን ኩባንያ በባሕርዩ የሚታይና የሚመረቅ ነገር ይወዳል። በጨለማ ክፍል ተቀምጦ የአርባ ዓመት ክር የሚያዳምጥ ተመራማሪ ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ የለውም።

የመብት ጉዳይም ቸል የሚባል አይደለም። የሕንድ የቅጂ መብት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ተጫዋቹ ራሱ በትርኢቱ ላይ መብት እንዳለው የታወቀለት ግን በ1994ቱ ማሻሻያ ነው፤ ዘመኑም በ1999 ወደ 50 ዓመት ከፍ ብሏል። እንግዲህ ቤተ መዛግብት ክሩ በእጁ ስላለ ብቻ ባለ ሙሉ መብት አይደለም። በአሮጌ ቀረጻ አዲስ ትርኢት ሊሠራ የሚነሣ አርቲስት ከተቋሙ፣ ከቀጂውና ከዘፋኙ ወይም ከወራሾቹ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው የጉዞና የድርድር ጊዜ በበጀት ካልተያዘ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ለሕዝብ ሳይቀርብ ሊቀር ይችላል።

ቀረጻ ብቻውን ሕይወት እንደማይሰጥ የሚያሳየው በኬረላ የሚገኘው ኩዲያታም የተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት ቴአትር ነው። (ከኬረላ የመጡ ብዙ መምህራን ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ተማሪዎቻቸው ሒሳብና ሳይንስ ሲቀስሙ ስለዚህ ቴአትር ግን ብዙም አልጠየቋቸውም።) ሳንጊት ናታክ አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለኩዲያታም በሰጠው ድጋፍ ሥልጠናን፣ ትርኢትንና ቀረጻን አንድ ላይ አያይዟል። ዩኔስኮም በ2001 የሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ድንቅ ሥራ ብሎ አውጆታል።

ለመምህራን ቅርብ የሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የባህል ሀብትና የሥልጠና ማዕከል ነው። ማዕከሉ በሥራ ላይ ያሉ መምህራንን ያሠለጥናል፤ በስላይድ፣ በሥዕልና በድምፅ የተዘጋጀ የባህል መርጃ መሣሪያም ለትምህርት ቤቶች ያድላል። የባንጋሎሩ ፋውንዴሽንም በካርናታካ ክፍለ ሀገር «ካሊ ካሊሱ» በተሰኘው መርሐ ግብሩ፣ ይኸውም በካናዳ ቋንቋ «ተማር፣ አስተምር» እንደ ማለት ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በአካባቢያቸው ያለውን ጥበብ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር እንዲያገናኙ ያግዛል። በእንዲህ ያለ ድጎማ የሚሠራ መምህር የመንደሩን አዛውንት ወደ ክፍል ሊያመጣ፣ ወይም ልጆቹን ወደ አዛውንቱ ደጃፍ ሊወስድ ይችላል። ልጆቹ የሚቀዱት ድምፅ ደግሞ የዘፋኙ ስም፣ ቀኑና ቦታው፣ እንዲሁም የፈቃዱ ቃል አብሮ ከተጻፈበት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣ አድማጭ ይጠቅማል፤ ይህንን ቅጽ ማዘጋጀትና መሙላት ደግሞ ከአንድ ገጽ ወረቀትና ከአንድ ክፍለ ጊዜ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም።