የአዞ እርባታ ከሐይቅ ዳርቻ ይጀምራል

በአባያ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የአርባ ምንጭ አዞ እርባታ ጣቢያ አዞዎችን የሚያሳድገው ለቆዳቸው ነው። የእርባታው መነሻ ግን ገንዳው ሳይሆን የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ እንቁላልና ጫጩት የሚሰበሰበው ከዚያ ነውና።

እናቲቱ አሸዋ ቆፍራ ከ25 እስከ 80 እንቁላል ትቀብራለች። እንቁላሉ ለመፈልፈል 3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ጾታውን የሚወስነው የጉድጓዱ ሙቀት ነው፤ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ወንዶች፣ ከዚያ ሲቀንስ ሴቶች ይበዛሉ።

በዱር ግን እንቁላሉን አርጃኖ፣ ጫጩቱን አእዋፍ ስለሚበሉ ለመራባት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ዳርቻው ሲታረስ ወይም በከብት ሲረገጥ ደግሞ ጣቢያውም ዘር ያጣል። ስለዚህ በእንቁላል መጣያ ወራት ከብትን ከሥፍራው ማራቅ ይገባል፤ እናቲቱ ጉድጓዷን ስለምትጠብቅ ጥንቃቄው ለእረኛውም ደኅንነት ይበጃል።